በገዛ ፈቃዴ ነው የወረድኩት

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ ጠዋት አየር ላይ ያለፈው፦ ከስድሳ ዓመት በፊት በዚህ ቀን አንዲት ዋናተኛ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ በዋና ልታቋርጥ ገብታ፣ ማዶው በዓይን እየታያት አቅም አንሷት በጀልባ ወጣች። በሳምንቱ ተመልሳ ገባችና ጨረሰችው። ስለ ሁለተኛው ቀን ሁሉም ይጽፋል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ።

«ዛሬ በታሪክ» አራት ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት ነው፤ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምርጫ፣ ጦርነት፣ ፊልም፣ ኳስ፣ ልደት፣ ሞት። እስካሁን ባዶ ቀን አላጋጠመኝም። ይህ ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል፤ የቀን መቁጠሪያ ገልጬ ጣቴን የትም ባሳርፍ፣ እዚያ ላይ ሕይወቱ የተገለባበጠበት ሰው አለ።

ከስርጭቱ በኋላ አዲሱ ኃላፊ ጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነው።

«የሲኒማ ቤቱ ቃጠሎ ኅዳር 19 አርባ ዓመት ይሞላዋል» አለኝ። «የድሮ ዝግጅቶችዎን ሳገላብጥ ነበር። ኅዳር 19 በየዓመቱ መጥቷል፤ ቃጠሎውን ግን አንዴም አላነሱትም። አንዱን ዓመት ቼዝ፣ አንዱን ዓመት የድልድይ ምረቃ…» ሳቅ አለ፤ ወቀሳ አልነበረበትም። «ዘንድሮ አንድ ሰዓት ሙሉ እሰጥዎታለሁ። በቀጥታ።»

«እሺ» አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሩጫ ላይ ነኝ። ለነገ፦ በአንድ ድምፅ ብልጫ የጸደቀ ሕግ። አንድ የምክር ቤት አባል ታሞ በቃሬዛ መጣ፣ እጁን አወጣ፣ ሕጉ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አንድ እጅ!

ለዚያኛው አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

እማዬ ጋ ዋልኩ። ጉልበቷ ቢያስቸግራትም መስኮቶቿን ራሷ ትወለውላለች፤ ላግዝሽ ስላት ትቆጣለች። ጨርቁን እየጨመቀች ሳለ ነገርኳት።

«ስለ ቃጠሎው ዝግጅት ሥሪ ብለውኛል።»

ጨርቁን ጨመቀችው። ውሃ አልቆበት እንኳ ጨመቀችው።

«ሌላ ሰው የለም?»

«የለም።»

«እንግዲህ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ስለ ጎረቤቷ ድመት አወራችኝ። አባዬ የዚያ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች እንደነበረ የማያውቅ ሰው እንኳ ያን ጀርባ ቢያየው አንድ ነገር ይጠረጥር ነበር።

ከቃጠሎው በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። የልብስ ስፌት መኪና እየጠገነ። ፊልም ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

መዛግብት ክፍል። የአርባ ዓመት ጋዜጣ ሲነካ ጠርዙ ይፈረፍራል፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የገለጥኩት።

በዚያ ቅዳሜ ብሔራዊ ቡድናችን ውጭ አገር ለዋንጫ ተጫውቶ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። የፊት ገጹ ግማሹ በረኛው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ግማሹ ጭስ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን። አዘጋጁ የትኛውን ከላይ እንደሚያደርግ ምን ያህል እንደተጨነቀ ታየኝ፤ መጨረሻ ላይ እኩል አስቀመጣቸው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያ ሁሉ እልልታና ያ ሁሉ ጩኸት።

በዘጠኝ ሰዓቱ ትዕይንት 218 ሰው። ሰባት ሞቱ።

በሁለተኛው ሳምንት የመርማሪዎቹ ውጤት ወጣ፦ «ፊልም አጫዋቹ ሥራውን ጥሎ የኳስ ጨዋታ ለማዳመጥ በወረደበት ወቅት የፊልሙ ጥቅል ማጫወቻው ውስጥ ተይዞ እሳት ፈጥሯል።» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ «ተጠርጣሪው ‹በገዛ ፈቃዴ ነው የወረድኩት፤ ማንም አልጠራኝም› ሲል ቃሉን ሰጥቷል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። የጋዜጣ ቀለም ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ጆሮ የምንለው የድምፅ ባለሙያችን፣ «እህቴ፣ ዛሬ ስታነቢ ‹ማንም› ስትይ ድምፅሽ ተሰበረ፤ ደግሜ ልቅረጸው?» አለኝ። ዝግጅቱ እኮ ስለ ድልድይ ነበር።

ጉንፋን ነው አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጥሪው አየር ላይ ዋለ፦ በዚያ ቀን ሲኒማ ቤቱ የነበራችሁ ደውሉልን። ሦስት ሰው ቢደውል ብዬ ነበር።

እስከ ቀትር ሠላሳ አንድ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ሳላነሳ ይጮኻል። አንዱ ጡረተኛ መምህር የወንበሩን ቁጥር ነገረኝ። አንዲት ሴት የዚያን ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ቁልፎች ቀለም። አንዱ ፊልሙን እስከ ዛሬ አለመጨረሱን፦ «ልጅቷ ባቡሩ ላይ ደረሰች? እባክሽ ካወቅሽ ንገሪኝ።» ያን ፊልም ከየትም አግኝቶ ማየት ይችል ነበር። ማየት አልፈለገም። ከሰው መስማት ነው የፈለገው። ደረሰች አልኩት። አርባ ዓመት የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

ሰው እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ቀን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። ቀን ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸው። ማንም ሳይከፍላቸው፣ ማንም ሳያዳምጣቸው፣ አንዲት ከሰዓት በኋላ ይዘው አርባ ዓመት ተጓዙ።

ብዙዎቹ ስለ ጎን በሩ ያወራሉ። «የጎን በሩ ሲከፈት» ይላሉ። ማን ከፈተው ስላቸው አያውቁም።

ልወጣ ስል እርጅና የተጫነው የአንዲት ሴት ድምፅ፦ «ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ቤቴ ነይ፤ በስልክ አይሆንም።»

ድምፅዋን አውቀዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

አልሄድኩም። ሥራ በዛ። ነገም ይበዛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 25

ይህ ደብተር የኔ ብቻ ነው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በኳስ አብጄ ነበር፤ የተጫዋቾቹን የጫማ ቁጥር ሳይቀር አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ጋር ሥራ እሄዳለሁ። እሱ ላይ፣ ማጫወቻ ክፍል፤ እኔ ታች፣ የቲኬት ቆራጯ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ምክንያቱም እዚያ ሬዲዮ ነበር። ጨዋታው ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። አላለቀም። ፍጹም ቅጣት ምት ተባለ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። የክፍሉ ሙቀት ፊቴን መታኝ። «አባዬ፣ ሊመቱ ነው! ና!»

ጥቅሉን አየ። «እስኪያልቅ አሥራ ስድስት ደቂቃ አለኝ» አለ። እየሳቀ ወረደ። እጄን ይዞ።

አምስተኛው ምት ሲመታ ጭሱን ሸተተን።

ይኸው። ጻፍኩት። ሰማዩ አልወደቀም።

ከዚያ ወዲህ ኳስ አዳምጬ አላውቅም። ውጤት እጽፋለሁ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አንድ ሥራ የፈታ የብረት የገንዘብ ሳጥን። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በሩን ከፍታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የሬዲዮዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ቆይታ፣ በሌላ ድምፅ፦ «የአጫዋቹ ልጅ!»

እዚያው በሩ ላይ አለቀስኩ። እጄን ይዛ አስገባችኝ። ውሃ አጠጣችኝ። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት፣ «እኔ ነኝ የጠራሁት፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

«ምን?» አለች።

«ሮጬ ወጥቼ…»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? እኔ አይደለሁ የላክሁሽ! ‹ሂጂ፣ አባትሽን ጥሪው፣ ይኼ እንዴት ያመልጠዋል› ብዬ በዚህ እጄ ገፋ ያደረግሁሽ! አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ምነው ባልላክኋት እያልኩ ነው የምነሳው!»

«አልላኩኝም። ራሴ ነኝ የተነሳሁት።»

«ልኬሻለሁ!»

«አልላኩኝም!»

ተያየን። ሁለታችንም ጥፋቱን ለመውሰድ እንደ ገበያ ሰው እንጯጯሃለን። እሷ ቀድማ ሳቀች። ከዚያ እኔ። ሳቁ መልሶ ለቅሶ ሆነ። አፌን ከፍቼ ነው ያየኋት፤ ያው አንድ ቀን፣ ያው አንድ ደረጃ፣ በሁለት ሰው ልብ ውስጥ ለየብቻው አርባ ዓመት ሲቃጠል ኖሯል። ማናችን ትክክል እንደሆንን መቼም አላውቅም።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ።

«የጎን በሩ ላይ ጓጉንቸር ነበር። ያለ ቲኬት ሾልከው የሚገቡ በዙ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ነው ያስገባው። ቁልፉ እኔ ክፍል፣ ሚስማር ላይ። ጭሱ ሲመጣ እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። አባትሽ አንቺን በመስኮት አሻግሮ ለመንገደኛ ሰጠና ቁልፉን ነጥቆ ዞረ። ከውጭ ነው የከፈተው። በሩን በትከሻው ይዞ ቆመ፤ መዝጊያው ራሱ እየተመለሰ የሚዘጋ ዓይነት ነበር። ስንት ሰው በክንዱ ሥር አለፈ መሰለሽ?»

«ሪፖርቱ ላይ የለም።»

«እንዴት ይኖራል? ጓጉንቸሩ በማግስቱ ተነቅሏል። በሩ ተቆልፎ አያውቅም አሉ። ያልተቆለፈ በር ደግሞ ማን ከፈተው አይባልም። ልናገር ብዬ ነበር። አባትሽ መጣና ለመነኝ። ‹የቁልፉን ነገር ካነሳሽ እዚያ ምን ትሠሩ ነበር ይሉሻል። ማን ጠራው ይላሉ። የልጅቱን ስም ይጽፉታል። ስሟ አይጻፍ› አለኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። ለሱ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ…»

«ማንም አልጠራኝም።»

የሥራ ባልደረቦቼ ታላላቅ ንግግሮችን እንድመርጥላቸው ይጠይቁኛል፤ መሪዎች፣ ሎሬቶች፣ ዋንጫ ያነሱ አምበሎች። ከነዚያ ሁሉ የሚበልጠው በትንንሽ ፊደል፣ የዕቃ ዋጋ ማስታወቂያ አጠገብ ተኝቶ ኖሯል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኩት። ዝግጅቱን ለሌላ ይሰጠዋል ብዬ ነበር። ግማሽ ልቤ ይስጠው እያለ።

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝና «ሌላ ሰው ቢሠራው ንጹሕ ይሆናል» አለ። «ግን ያ ሌላ ሰው ይህን አያገኘውም። መጀመሪያ ማን እንደሆኑ ለአድማጩ ይናገሩ። ከዚያ ያገኙትን፣ ያላገኙትንም። እሳቱ ከየት ተነሳ?»

«አላውቅም። ከመድረኩ ሥር ሽቦ ሲብለጨለጭ አየሁ ያሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ከማጫወቻው ነው ያሉም አሉ።»

«እንግዲያው አላውቅም ይበሉ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ከባድ ቀን። ቀትር ላይ አንድ ሰው ደወለ። እህቱ ከሰባቱ ሟቾች አንዷ ናት።

«ያን ሰውዬ ጀግና ልታደርጉት ነው አሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ሰው ያወራል። ስሚኝ። ኳስ ሊሰማ ወርዶ ነው እህቴ የሞተችው። በር ከፈተ አትበይኝ። ለሷ አልከፈተላትም።»

ልጁ ነኝ ማለት አፌ ላይ መጣ። «ዝግጅቱ ላይ የእህትዎን ስም እናነባለን» ብቻ አልኩት። ዘጋብኝ።

ለምን አልነገርኩትም? ከአርባ ዓመት ዝምታ ምንም አልተማርኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

መልሼ ደወልኩለት። ነገርኩት።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት።»

ዘጋው። በዝግታ ግን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

እማዬ። ዛሬ መስኮት አልነበረም። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነው የጀመርኩት። «እማዬ፣ ያን ቀን አባዬን የጠራሁት…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉን። ያኔውኑ ነግሮኛል። አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብለን ነዋ!» መዳፏን ጭኗ ላይ ደጋግማ ፈተገችው። «ኳስ መስማት ስትተዪ ነው የገባን። ያኔ ደግሞ እንዴት ይነሳ? እሱ ‹እኔ ካነሳሁባት ጥፋት ነበር ማለቴ ነው› ይላል። እኔ ‹ካላነሳንላት ብቻዋን ትሸከመዋለች› እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ሞተ።»

አንድ ነገር ጨመረች፣ በጣም ቀስ ብላ፦ «ቀኝ ትከሻው እስከ መጨረሻው አይነሳም ነበር። በበሩ ነው። ሸሚዝ የማለብሰው እኔ ነበርኩ።»

ስፌት መኪና ሲጠግን በግራ እጁ ይሠራ ነበር። ሥራው የሚሠራው እንደዚያ መስሎኝ ነው ያደግኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ጽሑፉ አለቀ። ለአራተኛ ጊዜ። ሰባቱን ስም ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። የስድስተኛው ላይ እደናቀፋለሁ። ጆሮ «ቀስ በይ፣ ስም አይሮጥም» አለኝ።

እንቅልፍ የለም። ምግብ የለም። ነገ ሌላ ቀን፣ ከዚያ እሱ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

በሩ ተዘጋ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ጆሮ በመስታወቱ ማዶ ጣቱን አነሳ።

«ዛሬ በታሪክ። ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ ቀን የዚህ ከተማ ሲኒማ ቤት ተቃጠለ። ፊልም አጫዋቹ አባቴ ነበር። ከማጫወቻ ክፍሉ ጠርቼ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ቲኬት ቆራጯ አጠገቤ ነበረች፤ «ልኬያት ነው» ብላ ጣልቃ ስትገባ ኃላፊው በመስታወቱ ማዶ እጁን አፉ ላይ ሲያደርግ አይቻለሁ። ስለ ጓጉንቸሩ ተናገረች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። እሳቱ ከየት እንደተነሳ አላውቅም አልኩ። ሰባቱን ስም አነበብኩ። በስድስተኛው አልተደናቀፍኩም።

ለዘጠኝ ሰዓት ሲኒማ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ እንገናኝ ብለን ለአድማጭ ተናግረን ነበር። አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ሰው ውጭ ይቆማል፣ ጥቂት ነው፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

መንገዱ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎች፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው። ሻጩ ደንግጦ ወጣ። ሲነግሩት ገብቶት ሁለቱንም በር ከፈተና «ግቡ፣ ወንበር ሞልቷል፤ ለመቀመጥ አይደል የተሠራ» አለ።

መጀመሪያ ማንም አልተቀመጠም። ከዚያ ያ ጡረተኛ መምህር ከግድግዳው በእርምጃ እየለካ መጣ። ቆመ። ላስቲኩ ያልተነሳለት አንድ ወንበር ጎትቶ እዚያ አስቀመጠና ቁጭ አለ። «ሰባተኛ ረድፍ» አለ። አንዲት ሴት ከኋላው። አንዱ ከሷ ቀኝ። ማንም አላዘዛቸውም። ሁሉም የየራሱን ቦታ ያውቃል፤ «እኔ ካንተ በስተግራ ነበርኩ፣ ኮፍያህን አውልቅ ብዬህ ነበር እኮ» ይባባላሉ። ረድፍ ሠሩ። ቤቱ ሲኒማ ቤት ሆነ። መጋረጃው የነበረበት ግድግዳ ላይ ቁም ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ መስታወታቸው ወደ ሰው። ሁሉም ተቀምጠው ፊት ለፊት አዩ፤ ያዩት ራሳቸውን ነው። ያረጁ፣ የሸበቱ፣ ያሉ።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ታላላቅ ቀናት ጽፌያለሁ፤ አንዱም ውስጥ ግን ቆሜ አላውቅም ነበር።

እማዬ በክንዴ ላይ ነበረች። ያን መንገድ አርባ ዓመት አልረገጠችውም። አንድ ረጅም ሰው ከበሩ አጠገብ ብቻውን ቆሟል፣ አልተቀመጠም፤ እዚህ ወንበር አልነበረውማ። ወደኛ መጣ። ድምፁን ሳልሰማ አወቅሁት።

«ሚስቱ ነዎት?» አላት።

«ነኝ።»

«አርባ ዓመት ረግሜዋለሁ።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። «እናውቃለን፣ ልጄ። እሱም ያውቅ ነበር።»

«ዛሬም ይቅር ብዬ አይደለም የመጣሁት።»

«አይደለም» አለች እማዬ። ቆይታ፦ «ስንት ዓመቷ ነበር?»

ሰውየው ማንም ይህን ጠይቆት እንደማያውቅ ሆኖ አያት።

«አሥራ ዘጠኝ።»

እማዬ በጣቶቿ ቆጠረች፣ እንደ ልጅ፣ ቀስ እያለች።

«ሃምሳ ዘጠኝ ይሆናት ነበር» አለች። «የት ነበር የተቀመጠችው? አሳየኝ።»

ክንዴን ለቀቀች። የሱን ያዘች። በረድፎቹ መካከል፣ ሰው ጉልበቱን እየሰበሰበ እያሳለፋቸው፣ አብረው ሄዱ።